ጉድጓድ ጠራጊው ወልማርና የተከበረው ግማት

ወንድሜ ወልማር ይገማ ነበር። ሙት አትውቀሺ ትሉኝ ይሆናል፤ ግን ይህን ሳልናገር ስለሱ ሌላ ነገር መናገር አልችልም። ሲመጣ ሽታው ቀድሞት ይደርሳል፣ ሲሄድ እሱ ሄዶ ሽታው ይቀራል። ሥራው ሽንት ቤት መጥረግ ነበር። በዚህች በቬዘር ወንዝ ዳር ባለች ከተማችን ጌታውም፣ ሎሌውም፣ ቄሱም ከሆዱ ያወጣውን ሁሉ እሱ በባልዲ እየቀዳ፣ በርሜል እየሞላ፣ ከምሥራቁ በር ውጪ ወዳለው ትልቁ ጉድጓድ በጋሪ ወስዶ ይደፋ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ።

እኔ ደግሞ ከባሌ ከኮርት ጋር የገላ መታጠቢያ ቤት ነበረኝ። ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ በሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ እኔ ጀርባ አሻለሁ፣ ኮርት ጢም ይላጫል፣ ዋግምት ያደርጋል። እርግጥ ነው፣ ጨዋ የሚባለው ሰው እኛንም ከልቡ አያከብረንም ነበር። ራቁት ሰው የሚያሽ ምን ክብር አለው ይሉናል። ስለዚህ እኛም በተራችን የምንንቀው ሰው ያስፈልገን ነበር፤ እሱም የገዛ ወንድሜ ሆነ። ደጄን አላስረገጥኩትም። እሑድ እሑድ ሲመጣ ከአጥሩ ውጪ ይቆማል፤ እኔም ዳቦውን በምድጃው ረጅም አካፋ ጫፍ አድርጌ አቀብለዋለሁ።

"ሂልደ፣ ታጥቤ ነው እኮ የመጣሁት" ይለኛል።

"ወንዙን አሳዘንከኝ! አንተ ስትገባ ዓሣው ሁሉ በጀርባው ተንሳፈፈ አሉ" እለዋለሁ።

ይስቃል። እኔ ግን አልቀልድም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከበሩ ኋላ ይቆማል፣ የሚቆርበውም ሰው ሁሉ ካበቃ በኋላ ነው። መጠጥ ቤት ዋንጫው ለብቻው በር ላይ በሰንሰለት ታስሯል፣ ሌላ ሰው ተሳስቶ እንዳይነካው። ጋሪውን ሲጎትት ደወል እያቃጨለ፣ ከሰው አሥር እርምጃ ርቆ እንዲሄድ የከተማው ሕግ ያዛል። ሚስት አላገባም። ማን ታገባዋለች? የምትቀርበው ልጄ ጌሴ ብቻ ነበረች። በአጥሩ ሽንቁር በኩል ጉድጓድ ውስጥ ስላገኘው ነገር ሁሉ ያወራላታል፤ የማን ቀለበት፣ የማን ቀበቶ፣ የትኛው ጌታ ሰክሮ ሱሪውን እንደ ጣለ። እሷ በሳቅ ትንከተከታለች። እኔ በመስኮት ብቅ ብዬ "ጌሴ! ግቢ፣ ሽታው ይጋባብሻል!" እላለሁ።

ከዚያ ቸነፈሩ መጣ። መጀመሪያ ጀልባ ቀዛፊዎቹን፣ ቀጥሎ ቆዳ ፋቂዎቹን፣ ከዚያማ ማን ይቆጥራል! ሐኪም አንሴልም በኮምጣጤ የተነከረ ስፖንጅ አፍንጫው ላይ ደቅኖ፣ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ነበር የሚያናግረን። በሽታው ክፉ አየር ነው አለ። በደቡብ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ፣ ጥድ አጭሱ፣ ከሁሉም በላይ ገላችሁን እንዳትታጠቡ፤ ሙቅ ውሃ የቆዳን ቀዳዳ ይከፍትና መርዙ በዚያ ይገባል አለ። በማግስቱ ሰዎች መጥተው የመታጠቢያ ቤቴን በር በሚስማር ቸነከሩት።

ውይ! የሰው ልጅ ምን ያህል መቆሸሽ እንደሚችል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሸሚዙን የሚቀይር ጠፋ። ቄሱ ሲባርኩን ቅማል ከአንገትጌያቸው ወጥቶ ጢማቸው ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ የደረቀ እንቁራሪት አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሌላው ጠዋትና ማታ የራሱን ሽንት ይጠጣል፣ ጠጥቶም አፉን ሳይጠርግ እንዴት አደርሽ ብሎ ሊስመኝ ይመጣል። ጎረቤቴ ዎበከ፣ የቅርጫት ሠሪው ሚስት፣ የፍየል ግማት በሽታ ያባርራል ብለዋት ጥጃ የሚያህል አውራ ፍየል መኝታ ቤቷ አሰረች። አልጋዋ ላይ ይሸናል፣ ትራሷን ይበላል፣ እሷ ግን "ጤናዬ ነው እቴ!" ትለኛለች።

ባሌን ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ወጣበት። እንቁላል ታክላለች። ሐኪም አንሴልም ከሰገነቱ ሆኖ፣ የዶሮ ቂጥ ላባው ተነጭቶ፣ ዶሮዋ ከነነፍሷ እብጠቱ ላይ ትታሰር፣ መርዙን በቂጧ ትስበዋለች አለ። አሰርናት። እሷ ትንፈራገጣለች፣ ኮርት ያቃስታል፣ እኔ ሁለቱንም ይዤ አለቅሳለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያጥብ የኖረ ባሌ በዶሮ ኩስ ተለውሶ ሞተ። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ተከተሉት። የዘጠኝ ዓመቷ ጌሴ ብቻ ቀረችኝ። ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ አንድ ብቻ ሆነ፤ ይህችን አልሰጥም። ሰማይ ቢደፋ አልሰጥም።

በዚህ መሐል ነው ሐኪሙ ያችን ነገር ያስተዋላት።

"ልብ በሉ!" አለ ከሰገነቱ። "ከተማው እንዲህ ሲያልቅ ከጉድጓድ ጠራጊዎቹ አንድ ስንኳ የሞተ አለ? ወልማር ሞቷል? ጓደኛው ቲለ ሞቷል? እሾህ በእሾህ ነው የሚነቀለው! ክፉ አየርን የሚያባርረው ከሱ የባሰ አየር ነው። ወደ ጉድጓዱ ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ በረጅሙ ሳቡ!"

እውነት ነው፣ ከነሱ አንድም አልሞተም። አላበለም። ያየውን ነው የተናገረው።

የመጀመሪያ ቀን ሦስት ሰው ፊቱን ሸፍኖ ሄደ። በሳምንቱ ጉድጓዱ ዳር ገበያ መሰለ። ሰው በርጩማውን ተሸክሞ ከማለዳ ይወጣል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ቦታ ሽታው የበረታበት ነው ተብሎ ሁለት የተከበሩ ወይዛዝርት ጸጉር ለጸጉር ተናጩበት። ጌታ ዴትማር፣ የሸንጎው ሽማግሌ፣ ትራስ ያለው ወንበሩን አስመጥቶ፣ ዝንብ እንደ ዝናብ በሚወርድበት ቦታ ቋሊማ ይበላ ነበር። አንዱ ያስመልሰዋል፤ "እሰይ! መርዙ ወጣልህ!" ይሉታል። ሐኪሙስ? ሐኪሙ በቅሎው ላይ ሆኖ፣ ነፋሱ ወደማይመጣበት ዞሮ፣ ስፖንጁን አፍንጫው ላይ ይዞ "ሳቡ! ሳቡ!" ይላል። ቱ!

እኔ አልሄድም አልኩ። ዎበከ ፍየሏን እየጎተተች ደጄ መጣች።

"ሂልደ፣ ሰው ሁሉ ዘመድ የለንም እያለ በልመና የሚገባበት ቦታ፣ አንቺ ወንድምሽ አለሽ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

"አፍንጫዬን ቆርጠው ይስጡኝና እሄዳለሁ።"

"አፍንጫሽ ነው ልጅሽ የምትበልጥብሽ? ሦስት ሬሳ ካወጣሽበት ቤት ቁጭ ብለሽ አራተኛውን ጠብቂ እንግዲህ!"

ጌሴን እጇን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ እያስመለሰኝ ሄድኩ።

ወልማር ሲያየኝ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሸ። ልማዱ ነው። ከዚያ ትዝ ሲለው ቆመ። "ሂልደ? አንቺ? እዚህ?" አለ። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ያልነካሁትን ወንድሜን "ጋሼ፣ በሞቴ፣ ለልጅቷ ቦታ ስጣት" ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ጋሼ ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ሳያስጨርሰኝ ጌሴን አንስቶ ከራሱ አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ አስቀመጣት።

ያ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ሁሉ "ጋሽ ወልማር፣ ጋሽ ወልማር" ይለዋል። ሴቶቹ እጁን ይስማሉ። እናቶች ሕፃናታቸውን ጭኑ ላይ ያስቀምጡና ፊታቸውን በዚያ ኮቱ ያሹታል፤ ኮቱ እኮ ከቆሻሻው የተነሳ ብቻውን ይቆማል! አምስት ስድስት ሰው በየተራ ይጠመጠምበታል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አፌን በመሐረብ ይዤ፣ ይህን ሁሉ አይቼ፣ ሰውን ጠላሁ። ትናንት ደወሉን ሲሰሙ በር የሚዘጉት እነዚሁ ናቸው።

"ሂልደ" አለኝ አንድ ከሰዓት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "ጌታ ዴትማር ከዋንጫዬ ጠጣ። አልጠረገውም እኮ። እኔ ጠጥቼ ስሰጠው፣ ሳይጠርግ ጠጣ።"

አንጀቴን በላው፤ ግን የእኔ አፍ መች ያርፋል። "ደግሞ ከዋንጫዬ ጠጣ ብለህ ታለቅሳለህ!" አልኩት። ጌሴ ጭኑ ላይ ተኝታ ነበር፤ ልጅ ሁሉን ይለምዳል፣ ሽታውም ትቷታል።

በስድስተኛው ቀን፣ የጸጉራም ቆዳ ነጋዴው ሚስት ግሬተ ከበርጩማዋ ወደ ጎን ዘንበል አለች። እንቅልፍ መስሎን ነበር። ሊያነሷት ሲሉ ብብቷ ሥር የያዘችው ላቬንደር የሚሉት የሽቶ አበባ ያለበት ከረጢት ወደቀና ንፍፊቱ ታየ፤ ጠቁሮ፣ ፈንድቶ፣ መግሉ በልብሷ ላይ ወርዶ። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ በሽቶ ሸፍናው ከመሐላችን ተቀምጣለች! በዚያው ጠዋት ወልማርን አቅፋ ስማዋለች። ሰው ምን ያደርጋል ብላችሁ ነው? ይሸሻል? አዬ! በርጩማውን ወደ ጠርዙ አስጠግቶ የበለጠ በረጅሙ መሳብ ጀመረ።

ወልማር ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ሂዱ!" አለ። "ወደየቤታችሁ ሂዱ፣ ተለያዩ! አትጠጋጉ!" ማን ይሰማዋል። ባልዲውን ጉድጓዱ ውስጥ ነከረና በሙሉ ኃይሉ አንስቶ ጌታ ዴትማር ላይ ደፋበት። ከቆብ እስከ ጫማ! እኔ አሁን አለቀለት፣ ይገድሉታል ብዬ ጌሴን አቀፍኩ። ጌታ ዴትማር ዓይኑን ጠረገ። ከጉንጩ ላይ የወረደውን በመዳፉ ሰብስቦ አንገቱን ቀባ። "እግዚአብሔር ይስጥህ ወልማር!" አለው። ሌላውም እጁን ዘርግቶ "ለእኔም! ለልጆቼም!" እያለ ተንጋጋበት። እንደ ጸበል ተቀባቡት። ወልማር ባልዲውን ይዞ መሐላቸው ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት።

አሁን ትጠይቁኝ ይሆናል፣ አንቺስ ለምን በማግስቱ ተመለስሽ? ልጄን ሌላ የት ልውሰዳት? ዎበከም ሐኪሙም ከተማው ሁሉ ከዚህ የራቀ ይሞታል ብሎኛል። ፈርቼ ነው። ተመለስኩ።

ስንደርስ ጌሴ እንደ ልማዷ ወደሱ ሮጠች።

"እዚያው ቁሚ! አትጠጊኝ!" ብሎ እንደ ውሻ ጮኸባት። ልጅቷ ደርቃ ቀረች፣ ከዚያ ታለቅስ ጀመር።

እኔ ነደደኝ። "ድንቄም ጌታ! መሳም ስትለምድ ልጄን ትጸየፍ ጀመር?"

ከጋሪው ማዶ ነበር የቆመው። ላብ ጠምቆታል። "ሂልደ፣ ስሚኝ" አለ። "ያውልሽ እዚያ ድንጋዩ ላይ ከረጢት አለ። ቲለ ነው ያስቀመጠው፣ እኔ አልነካሁትም። አጃ አለው፣ ጨውና የአሳማ ስብ አለው። ጌሴን ይዘሽ ተራራው ላይ ውጪ፤ ከሰል አክሳዮቹ ጥለውት የሄዱት ጎጆ አለ። ከተማ አትመለሺ። ሰው አይጠጋችሁ።"

"ከጉድጓዱ ላርቃት? አብደሃል? እዚህ ያመጣኋት ምን ሆኜ ነው?"

"እኔ ስለገማሁ አይደለም እኮ በሽታው የተወኝ! ማንም ስለማይጠጋኝ ነው። አሥር እርምጃ ስትርቁኝ ኖራችሁ፣ በሽታውም ከእናንተ ጋር አሥር እርምጃ ራቀኝ። አሁን ሁላችሁም መጥታችሁ አቀፋችሁኝ።"

"ያው ብቻህን ልትከበርበት ፈልገህ ነው" አልኩት። አዎ፣ እንዲህ አልኩት። አፌ ይቆረጥ።

ጋሪው ላይ ወጣ። ያን ኮቱን ጣለ፣ ሸሚዙን ቀደደ፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ብብቱ ሥር ንፍፊቱ ነበር፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ ከዙሪያው ቀያይ መስመር የወጣበት። አርባ ሰው ሁሉ አየው። ከዚያ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! ጌታ ዴትማር የገዛ ሚስቱን ረግጧት ሮጠ። በርጩማው፣ ትራሱ፣ ሕፃን ያለበት ቅርጫት ሳይቀር እዚያው ተጥሎ ቀረ፤ ቅርጫቱን እናቲቱ ተመልሳ ወሰደችው። እጁን የሳሙት ሁሉ አፋቸውን በሣር እያሹ ይሸሻሉ።

እኔስ? እኔም ጨርቄን ማቄን ሳልል ጌሴን በአንድ እጄ፣ ከረጢቱን በሌላው አንስቼ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ከኋላዬ "ሩጪ ሂልደ! ጎሽ፣ ሩጪ!" ይለኛል። አልዞርኩም። አዝኜለት ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ያን ጊዜ ደረቴን የሞላው ማቅለሽለሽ ነበር። ትናንት ጭኑ ላይ አስተኝቷታል፣ ጸጉሯን ነክቷል እያልኩ፣ ወንድሜን እየረገምኩ፣ ጌሴን ጸጉሯን በሮጥኩበት ሁሉ በቀሚሴ እየጠረግኩ ነው ተራራውን የወጣሁት።

ምድር በረዶ እስክትለብስ ጎጆዋ ውስጥ ቆየን። አጃችን ሲያልቅ ቅጠልና የዛፍ ፍሬ በላን። ማታ ማታ ብብቷንና ብሽሽቷን በጣቴ እዳብሳለሁ፤ ምንም የለም። በማግስቱም ምንም የለም። ጌሴ አንዴ ብቻ ስለሱ ጠየቀችኝ፣ "አጎቴ ለምን ጮኸብኝ?" ብላ። መልስ አልሰጠኋትም፤ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ተመልሼ መውረድ ነበረብኝ።

ቲለ ከታች ከሜዳው ሆኖ ጮኾ ነው የነገረኝ። ወልማር ሦስት ቀን ቆየ። ውሃ ያቀበለው የለም። ከሞተ በኋላም የሚቀብር ስለጠፋ፣ ቲለ በረጅም ሜንጦ ገፍቶ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ከተተው፤ ኖራ በተነበትና ሄደ። ወንድሜ መቃብሩ ያ ነው። የሰው ሁሉ ዓይነ ምድር ውስጥ።

ስንመለስ ጉድጓዱ ዳር ይቀመጡ ከነበሩት አርባዎቹ በሕይወት ያገኘኋቸው ዘጠኝ ነበሩ። ጌታ ዴትማር የለም፣ ዎበከ የለችም፤ ፍየሉ ብቻ በጎዳናው ይዞራል። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ሰው ይማራል አልኩ። አይ ሰው! ሐኪም አንሴልም ከሰገነቱ ወርዶ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? ሰዎቹ የሞቱት ከሽታው ስለሸሹ ነው አለ። "ለዚህ ምስክሩ የሂልደ ልጅ ናት! ከሁሉ ይበልጥ የተጠጋች፣ ከጠራጊው ጭን ላይ የተኛች እሷ ነበረች፤ ይኸው ዳነች!" አለ። ሕዝቡም እውነት ነው አለ። ጌሴን በመንገድ እያስቆሙ ጸጉሯን ያሸቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ጌሴ አግብታለች፣ መታጠቢያ ቤቱም ተከፍቷል። በዚህ ዓመት ቸነፈሩ ተመለሰ፣ መታጠቢያ ቤቱም ተመልሶ ተቸነከረ። ባለፈው ሰኞ በምሥራቁ በር ሳልፍ አየኋቸው፤ በርጩማቸውን ይዘው፣ ተጠጋግተው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ጉድጓዱን ከብበው በረጅሙ ይስባሉ። ሄጄ መሐላቸው ቆምኩና ያለኝን ሁሉ አፈሰስኩት። ተበታተኑ አልኳቸው፤ ልጄን ያዳናት ግማት አይደለም፣ የሰው አለመጠጋት ነው አልኳቸው። ይህ የምትስቡት ወንድሜ ነው፣ ወልማር ነው፣ እዚህ ውስጥ ነው ያለው፣ እናንተ በመሳም ገድላችሁት እኔ ጥዬው ሄጄ ነው አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር።

አንዲት ሕፃን ያቀፈች፣ ገና ልጅ እግር የሆነች እናት ከፊቴ ቆማ በአክብሮት አዳመጠችኝ። ስጨርስ አንገቷን ደፋች።

"ነፍስ ይማር እትዬ ሂልደ" አለችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ በሹክሹክታ፣ "ጌሴ የተቀመጠችው ታዲያ በዚህ በኩል ነው በዚያ?"

በርጩማዋን ነጥቄ ጉድጓዱ ውስጥ ወረወርኩት። ሌላ አመጡላት።